ከእስስቷ በፊት ቤቷ

ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በየመን ደቡብ ምዕራብ፣ በኢብና በታኢዝ ዙሪያ ያለው ተራራ ከታች እስከ ላይ በእርከን የታረሰ ነው። ማሽላ፣ ቡናና ጫት ይበቅልበታል። በዝናቡ ወራት ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጉሙ ከሸለቆው ሽቅብ እየተነሣ ቅጠሉን ሁሉ ያረጥበዋል። ሲነጋ፣ ጤዛው ገና ሳይደርቅ፣ ቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ያደረች እስስት ዓይኗን ትገልጣለች። ጎኗን ለፀሐይ ሰጥታ ሰውነቷን ታጠቁራለች፤ ጥቁር ቆዳ ሙቀት ቶሎ ይስባልና። ስትሞቅ ቀለሟ ይፈካል። ከቅጠሉ ላይ ጥቂት ጠብታ ትልሳለች፣ ከዚያ ነፍሳት ፍለጋ ትነሣለች። ቀትር ላይ አየሩ ሲደርቅና ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ትገባለች፤ ሲመሽ ደግሞ በብርዱና በጉሙ መሐል ትተኛለች።

በሰው ቤት ለማደግ ከሁሉ ይበልጥ የተለመደችው እስስት የዚህ ተራራ ልጅ ናት። ዱሜሪል የሚባሉት ፈረንሳውያን አባትና ልጅ በ1851 እ.ኤ.አ. ካሜሊዮ ካሊፕትራተስ የሚል ሳይንሳዊ ስም አወጡላት፤ በዚህ ምዕራፍ የየመን እስስት እንላታለን። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሸጡት ከሞላ ጎደል በሙሉ በአርቢዎች እጅ የተፈለፈሉ ናቸው፤ የመንን አያውቋትም። ሰውነታቸው ግን አሁንም የሚጠብቀው ያንኑ ቀን ነው፦ ቀዝቃዛ ሌሊት፣ እርጥብ ማለዳ፣ የሚያሞቅ ፀሐይ፣ ደረቅ ቀትር። ግልገል እስስት የሚያሳድግ ሰው ዋና ሥራው ይህን ቀን በአንድ ሳጥን ውስጥ ማሰናዳት ነው።

እስስት እንደ እኛ ከውስጧ ሙቀት አታመነጭም። ሲበርዳት ወደ ሙቀቱ፣ ሲሞቃት ወደ ጥላው መሄድ ብቻ ነው የምትችለው። ስለዚህ ቤቷ ውስጥ ሞቃትና ቀዝቃዛ፣ ብርሃንና ጥላ፣ ገላጣና መደበቂያ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይገባል። እነዚህ ካሉ የሚያስፈልጋትን ራሷ መርጣ ትኖራለች፤ ከእኛም በተሻለ ታውቀዋለች። ሳጥኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሙቀት፣ አንድ ዓይነት ብርሃን ከሆነ ግን ማምለጫ የላትም። ስለ እስስት አያያዝ የሚሰጠው ምክር ሁሉ፣ ዲግሪውም ሴንቲሜትሩም፣ ሲጠቀለል ይህን ምርጫ ለእንስሳዋ ለመስጠት የሚደረግ ጥረት ነው።

ግልገሏ ከትልቋ የምትለየው አቅም ስለሌላት ነው። ከእንቁላል የወጣች የየመን እስስት ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ጫፍ ብትለካ 7 ሴንቲሜትር ያህል ናት። በዚህ አካል ውስጥ የተጠራቀመ ስብም ሆነ ውሃ እምብዛም የለም። ትልቋ እስስት አንድ ቀን ውሃ ባታገኝ ትቋቋመዋለች፤ ግልገሏ ግን ዓይኗ ይጎደጉዳል። አምፖሉ ከልክ በላይ ቢያሞቅ ትልቋ ቀስ ብላ ትሸሻለች፤ ትንሿን ግን ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘልቃታል። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ያልሞላትን ግልገል ከአርቢዋ አትውሰዱ የሚባለውም ለዚህ ነው። ከዚያ በታች የምትሸጥ ካለች ሻጩ የቸኮለ ነው፤ ትቶ መሄድ ይሻላል።

መግዛትም ካልቀረ ቤቷ ቢያንስ ሳምንት ቀድሞ ይቁም። መብራቱ ይብራ፣ ውሃው ይረጭ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ጠዋት፣ ቀትርና ሌሊት ይለካ። የሚስተካከለው ሁሉ ባዶ ቤት ላይ ይስተካከል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ልጁ በተሳቢ እንስሳት ባዛር ላይ አይቶ ወደዳት፣ ቅዳሜ ተገዛች፣ አምፖሉ ማክሰኞ ደረሰ። በእነዚያ ሦስት ቀናት የደረሰባት ጉዳት የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነውና ማንም መንስኤውን አያስታውሰውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ አንባቢ አንድ ነገር መናገር ግድ ይለኛል። አገራችን የራሷ እስስቶች አሏት፤ ያውም ብርቅ የሆኑ። በደጋው አጥርና ቁጥቋጦ ላይ የምትገኘው ትሪዮሰሮስ አፊኒስ እንቁላል አትጥልም፣ ልጆቿን ትወልዳለች። ትሪዮሰሮስ ሃሬናይ ደግሞ ከባሌ ተራሮች ውጭ የትም አትገኝም። እነዚህ የብርድ አገር እንስሳት ናቸው፤ እዚህ የምጽፈው ለእነሱ አይሆንም። የዱር እንስሳን ያለፈቃድ መያዝም በሕግ የተከለከለ ነው። በአጥራችሁ ላይ እስስት ካያችሁ፣ ብዙዎቻችን በልጅነታችን እንደተማርነው አትፍሯትም አትውገሯትም፤ መርዝ የላትም። ቆማችሁ እዩአት፣ ከዚያ ተዉአት።

ወደ ቤቱ እንመለስ። ለግልገል 40 በ40 ሴንቲሜትር ስፋትና 60 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ኬጅ ይበቃል። ቁመቱ ከስፋቱ መብለጥ አለበት፤ እስስት የዛፍ እንስሳ ናትና ደኅንነት የሚሰማት ከፍ ስትል ነው። ኬጁ ራሱም ወለል ላይ አይቀመጥ። ጠረጴዛ ወይም መደርደሪያ ላይ ወጥቶ፣ የላይኛው እንጨት ከቆመ ሰው ዓይን በላይ ቢሆን መልካም ነው። ከላይ የሚመጣባትን ሁሉ እንደ ወፍ፣ ማለትም እንደ ጠላት፣ ነው የምታየው።

ግድግዳው ሽቦ ወንፊት ይሁን ወይስ መስታወት? በዚህ ላይ አርቢዎች ለዓመታት ተከራክረዋል። ወንፊት አየር ያስተላልፋል፣ ሻጋታ አይፈቅድም። ነገር ግን በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም ክረምት፣ ማሞቂያው ሌት ተቀን በሚሠራበት አፓርታማ ውስጥ፣ እርጥበቱን በደቂቃ ያጠፋዋል። እንዲህ ባለ ቤት ሦስቱ ጎኖች የተሸፈኑ፣ ጣሪያውና ከፊት ለፊት የታችኛው ጠርዝ ወንፊት የሆነ ኬጅ እመርጣለሁ፤ ቀዝቃዛው አየር ከታች ገብቶ የሞቀው በላይ ይወጣል። ቤታቸው በተፈጥሮው እርጥብ የሆነ ደግሞ ሙሉ ወንፊት ይጠቀሙ። ወንፊቱ ለግልገል ጠባብ ቀዳዳ ያለው ይሁን፤ አለበለዚያ ምግቧ ሾልኮ ሳሎን ውስጥ ይበራል፣ የእሷም ጥፍር ይሰካል።

ውስጡን የሚሞላው ቅርንጫፍና ሕያው ተክል ነው። ቅርንጫፉ ውፍረቱ የተለያየ፣ አንዳንዱ እግሯ ሊጨብጠው የሚችል ቀጭን፣ አግድም የተዘረጋና ከላይ እስከ ታች የተያያዘ ይሁን። ተክሉ ፖቶስ፣ ሼፍሌራ ወይም ሂቢስከስ ቢሆን ይሻላል። የየመን እስስት ከሌሎቹ በተለየ ቅጠል ትበላለችና በኬጇ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ሊበላ እንደሚችል ታስቦ ይመረጥ፤ ከአትክልት መሸጫ የመጣ ተክል በደንብ ታጥቦ አፈሩም ይለወጥ፣ መድኃኒት ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል። የፕላስቲክ ቅጠል አይግባ። ወለሉ ባዶ ይሁን። የተፈጨ እንጨትም ሆነ ጠጠር ቢነጠፍ ምላሷ ከነፍሳቱ ጋር ይዞት ይመጣል፤ በዚያች ጠባብ አንጀት ውስጥ መውጫ አያገኝም።

አሁን ወደ ብርሃን። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ብዙ ግልገሎችን የሚገድለው የመብራት ስህተት ነውና።

ፀሐይ ለእስስት ሁለት ነገር ትሰጣታለች፤ ሙቀትና ዩቪቢ የሚባለውን የማይታይ ጨረር። በሳጥን ውስጥ ሁለቱን በሁለት መብራት እንተካለን። ሙቀቱን የሚሰጠው ተራ አምፖል ወይም ሃሎጅን ነው። ከወንፊቱ ጣሪያ በላይ፣ ከኬጁ ውጭ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ያለው ከፍተኛ ቅርንጫፍ ላይ ቴርሞሜትር ሲደረግ 28 ወይም 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሳየት አለበት። ለግልገል ከ30 አይለፍ። ከኬጁ ሥር ደግሞ ከ22 እስከ 24 ይሁን። ማታ ሁሉም ይጥፋ። ሌሊት 18 ዲግሪ ቢወርድ ደግ ነው፣ የተራራ ልጅ ናት፤ ብርዱ ያሳርፋታል። በየሱቁ የሚሸጠውን ቀይና ሰማያዊ የሌሊት አምፖል ግን አይግዙ፤ ብርሃኑ ይታያታል፣ እንቅልፍም ይነሳታል።

ሁለተኛው መብራት ረጅሙ የዩቪቢ ፍሎረሰንት ነው። ይህ ጨረር ቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ3 ይሠራል፤ ያለ ዲ3 ደግሞ የበላችው ካልሲየም ከአንጀቷ ወደ ደሟ አይገባም። ደሙ ካልሲየም ሲያጣ ከአጥንቷ ይበደራል። በየሳምንቱ የምታድግ ግልገል ይህ ሲደርስባት አጥንቷ እንደ ላስቲክ ይለሰልሳል፤ ክንዷ በራሷ ክብደት ይጎብጣል፣ መንጋጋዋ ይላላል፣ በመጨረሻም ምላሷን መወርወር ያቅታታል። ምላሷ የሚወነጨፈው በመንጋጋዋ መሐል ካለ አጥንት ላይ ተነሥቶ ነው፤ አጥንቱ ሲደክም ምግቧን ከፊቷ እያየች ትራባለች። ቀድሞ ከተደረሰበት በሽታው ይቆማል፣ የጎበጠው እግር ግን አይቃናም።

ስለዚህ ጥቂት ነገሮችን መጠንቀቅ ነው። በመስኮት የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም፤ መስታወት ዩቪቢን ያስቀራል። ክብ ጥቅል አምፖሉ የሚደርስበት ቦታ ጠባብ ስለሆነ ቲ5 የሚባለው ቀጭን ረጅም ፍሎረሰንት ይመረጣል፤ ለግልገል 5 ወይም 6 ከመቶ የተጻፈበት ይበቃል፣ ከላይኛው ቅርንጫፍ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ርቆ። ወንፊቱ ራሱ የጨረሩን አንድ ሦስተኛ ያህል ሊያስቀር ስለሚችል ከዚያ በጣም አይራቅ። አምፖሉ ለዓይናችን እንደበራ ዩቪቢው ግን ይሟጠጣል፤ በዓመት አንዴ ይለወጥ፣ የተገዛበት ቀን በማርከር ይጻፍበት። ሁለቱም መብራቶች በታይመር ለ12 ሰዓት ይብሩና ለ12 ሰዓት ይጥፉ። በበጋ ቀን በወንፊት ኬጅ፣ ግማሹን ጥላ አድርጎ፣ በረንዳ ላይ ማውጣትን የሚያህል መልካም ነገር የለም። የመስታወት ኬጅን ፀሐይ ላይ ማውጣት ግን መቀቀል ነው።

ውሃን በተመለከተ የሚሳሳተው፣ ሳህን ሞልቶ ወለሉ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። እስስት የቆመ ውሃን ብዙ ጊዜ ልብ አትልም፤ የሚንቀሳቀስና የሚያብረቀርቅ ነገር ነው የሚስባት። ጠዋት መብራቱ ሳይበራ ለሁለት ደቂቃ ያህል ቅጠሉ እስኪያንጠባጥብ በደቃቁ ይረጫል። ከዚያ ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ጠብታው በፖቶስ ቅጠል ጫፍ ላይ ይወፍራል። አንድ ዓይኗ ወደ እርስዎ እንደዞረ ሌላው ጠብታውን ያገኘዋል። ትወዛወዛለች፣ ነፋስ እንደነካው ቅጠል፤ አንድ እግር ታነሣለች፣ ትጠብቃለች፣ ታሳርፋለች። ስትደርስ አፏን በጥቂቱ ከፍታ ጠብታውን በምላሷ ጫፍ ትነካዋለች፤ ራሷን ቀና አድርጋ ትውጠዋለች፤ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ይታያል። በዚህ መሐል ከተነሡ ወይም ከተናገሩ ትታው ትደበቃለች፤ ዝም ብለው ቢቀመጡ ሦስት አራት ጠብታ ትጠጣለች።

ቀኑን ኬጁ ይድረቅ፤ እርጥበቱ ወደ 40 ከመቶ ቢወርድ ምንም አይደለም። ሌሊቱ ነው ከፍ ማለት ያለበት፤ ከ80 ከመቶ በላይ፣ በጭጋግ ማውጫ ወይም በድጋሚ መርጨት። ተኝታ ስትተነፍስ በየትንፋሹ የምታጣው ውሃ በእርጥብ አየር ይቀንሳል። ብዙ ሰው ግን ኬጁን ቀኑን ሙሉ እያረጠበ ያሞቀዋል፤ ሙቀትና እርጥበት ያለ ፋታ አንድ ላይ ሲሆኑ ሳንባዋ ይታመማል። ጭጋጉ ከብርድ ጋር ይሁን፣ ሙቀቱ ከደረቅ አየር ጋር። የጭጋግ ማውጫው በየሳምንቱ ይታጠብ።

በቂ መጠጣቷን የሚናገረው ኩሷ ነው። ከጥቁሩ ጋር አብሮ የሚወጣው ጠጣር ሽንት ነጭ ከሆነ ደኅና ናት፤ ጫፉ ብቻ ቢጫ ቢሆንም አያስጨንቅ። ሙሉው ብርቱካናማ ከሆነ ግን ውሃ ጠምቷታል።

የግልገል ምግብ ከግልገሏ በፊት ይዘጋጃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምትበላው የማይበርሩትን የፍራፍሬ ዝንቦች ነው። በጠርሙስ ውስጥ ይራባሉ፤ አንድ ጠርሙስ ለመድረስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃልና አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀመር። ከዚያ ቀጥሎ ትንንሽ ክሪኬት፣ ማለትም ሌሊት የሚጮኸው የፌንጣ ዘመድ ጫጩቶች ናቸው። ልኩ ቀላል ነው፦ በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት የሚበልጥ ነፍሳት አይሰጥ። ጠዋት፣ ከሞቀች በኋላ፣ የምትችለውን ያህል ትብላ። ማታ ግን ክሪኬት ኬጁ ውስጥ አይደር፤ ተርቦ የተኛችውን ይነክሳል።

ክሪኬት ፎስፎረሱ ከካልሲየሙ ይበልጣል፤ ብቻውን ከተሰጠ አጥንት ይጎዳል። ስለዚህ ነፍሳቱ ራሳቸው ከአንድ ቀን በፊት ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ይብሉ፤ ለእሷ የሚደርሳት እነሱ የበሉት ነውና። ሲቀርቡ ዲ3 የሌለበት የካልሲየም ዱቄት በስሱ ይነስነስባቸው። ዲ3ና ሌሎች ቫይታሚኖች ያሉበት ዱቄት በወር ሁለቴ ብቻ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ዲ3 ከሰውነቷ አይወጣም፣ ኩላሊቷን ይጎዳል። ዱቄት ማብዛት ፍቅር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ አታብዙ።

ቀለሟን ስለ መለወጧ የሚወራው ብዙው ልክ አይደለም። የተቀመጠችበትን ነገር እየመሰለች አትሄድም። በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲው ሚሼል ሚሊንኮቪችና ባልደረቦቹ የማዳጋስካሯን ፓንተር እስስት አጥንተው እንዳሳዩት፣ በቆዳዋ ባሉ ሕዋሳት ውስጥ ደቃቅ የጓኒን ክሪስታሎች ተደርድረዋል፤ ስትረጋጋ ይቀራረባሉ፣ ስትቆጣ ይራራቃሉ፣ የሚመልሱትም ብርሃን አብሮ ይለወጣል። ለአሳዳጊ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ስሜቷን ቆዳዋ ላይ ያነብባል። ፈካ ያለ አረንጓዴ የሰላም ነው። ጠዋት መጥቆር ሙቀት መሻት ነው። ከሞቀች በኋላ ቀትር ላይ ጠቁራ ከቀረች ግን አንድ ነገር አስጨንቋታል፦ ብርድ፣ ሕመም፣ ወይም የሌላ እስስት መታየት።

ብቻዋን ትኑር። ከአንድ እንቁላል ጎጆ የወጡ እህትማማቾች አንድ ላይ ሲያድጉ ቆንጆ ይመስላሉ፤ ሞቃቱን ቦታና ምግቡን ግን ጠንካራዋ ትይዛለች፣ ደካማዋ ሳትነከስ ትከሳለች። በመስታወት የሚታያት የራሷ ምስል እንኳ ሊያስጨንቃት ይችላል። ልጆችም ይወቁት፦ እስስት የምትታይ እንጂ የምትታቀፍ እንስሳ አይደለችም። መውጣት ካለባት እጅ ከታች፣ ከደረቷ ፊት ይቅረብና ራሷ ትውጣበት፤ ከላይ ተይዛ አትነሣ። ከነካኳት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ ይይዛሉ፣ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን አደገኛ ነው።

ቀን ዓይኗን ጨፍና የምትውል፣ ዓይኗ የጎደጎደ፣ አፏን ከፍታ የምታፏጭ ወይም እግሯ የሚንቀጠቀጥ ግልገል ዛሬውኑ ሐኪም ያስፈልጋታል። ተሳቢ እንስሳትን የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም በየሰፈሩ ስለማይገኝ ስልኩ ከመግዛት በፊት ይፈለግ። ማሳደጉ የከበደው ሰውም ለሌላ አሳዳጊ ይስጣት እንጂ ጫካ አይልቀቃት፤ በፍሎሪዳ የየመን እስስቶች እንዲህ ተለቅቀው ተራብተዋል፣ የማያውቃቸውን አገር ነፍሳትና ቅጠል ይበላሉ።

በአራተኛው ወር ገደማ 60 በ60 በ120 ሴንቲሜትር ወደሆነው ቋሚ ቤቷ ትዛወር፤ ምግቧም ከየዕለቱ ወደ ሁለት ቀን አንዴ ይቀንስ። ጾታዋ ከተፈለፈለች ጀምሮ ይታወቃል፦ ከኋላ እግሩ ተረከዝ ላይ ትንሽ ጉጥ ያለው ወንድ ነው፣ የሌላት ሴት ናት። ሴት ከሆነች የምግቡ ቅነሳ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከወንድ ሳትገናኝም እንቁላል ትይዛለች፤ በሙቀትና በጥጋብ ያደገች ብዙ እንቁላል ትሸከማለች፣ መጣል አቅቷት የምትሞተውም ለዚህ ነው። አምስተኛ ወሯ ሳይሞላ ከተክሉ ሥር 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር እርጥብ አሸዋ የተሞላ መያዣ ይግባላት፤ አሸዋው ሲቆፈር የማይናድ መሆኑን በጣትዎ ጉድጓድ ሠርተው ያረጋግጡ። መቆፈር ስትጀምር ኬጁን በጨርቅ ይከልሉት፤ የሚያያት ሰው እንዳለ ካወቀች ጉድጓዱን ትታ ትወጣለችና።